የሚዋሸኝ ሚዛኑ ነው ወይስ ዳቦው?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19

ኪሎዬ ዛሬም አልወረደም። እንዲያውም ግማሽ ኪሎ ጨምሬያለሁ። አንድ ሰው እየዋሸኝ ነው።

ጤና ጣቢያ ያለችው ሲስተር ከወር በፊት ከነገረችኝ አንድም አላጓደልሁ። ጠዋት አንድ ስስ ቁራጭ የእርሾ ዳቦ ከእንቁላል ጋር። ምሳ ምስርና ጎመን በግማሽ እንጀራ። ማታ ሾርባ። ስኳር የለም፣ ለስላሳ የለም። ዳቦ ጨርሶ እንድተው ልትነግረኝ ነበር፤ ፊቴን አይታ ነው መሰለኝ ራራችልኝ። «በሱቅ እርሾ ቶሎ የተነፋውን ይተዉት። ቤት ውስጥ ቀስ ብሎ የቦካው ይሻልዎታል። ግን እሱም ዳቦ ነው፤ አንድ ቁራጭ ብቻ!» አለችኝ።

ሰኞ ቀጠሮዬ ነው። ኪሎዬም ስኳሬም ካልቀነሰ ወደ መድኃኒት እንገባለን ብላኛለች። መድኃኒቱን አይደለም የምፈራው። አንበሳሜ ከተማ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ በስኳር ዓይኑን አጥቷል። ባለፈው ልጠይቀው ስሄድ በድምፄ ነው የለየኝ። እንደሱ እንዳልሆን እፈራለሁ። ይኸው፣ ጻፍሁት።

እና ማን ነው የሚዋሸኝ? ወይ ሚዛኑ ነው፣ ወይ ዳቦው። ዳቦውን የምትጋግረው ደግሞ ባለቤቴ ትርሲት ናት።

ማታ ጎረቤታችን እትየ ዝማም ከማኅበራቸው የገብርኤልን ጠበል ጠዲቅ ይዘውልኝ መጡ። ጉልበታቸው እያመማቸው እኔን አይረሱም። ትርሲት ጓዳ ነበረች። በሩ ላይ ቆሜ የተባረከውን ዳቦ በላሁ፤ መረቁኝ። ዛሬ ደስ ያለኝ ይኸ ብቻ ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20

ጾም ነው፤ እንቁላሉ ቀረ።

መጀመሪያ ሚዛኑን ላጣራ አልሁ። ከማስተምርበት ኮሌጅ ቧንቧ ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ሞልቼ በባጃጅ ወደ ሐይቁ ዳር ወሰድሁ። እዚያ ሁልጊዜ የምትመዝነኝ ሴትዮ አለች። ሃያ ሊትር ውሃ ሃያ ኪሎ ነው፤ ለተማሪዎቼ ስንት ዓመት ያስተማርሁት ነው። ጀሪካኑን አስቀመጥሁት። ሃያ አንድ!

«ይኸው፣ ይጨምራል!» አልኋት። ሴትዮዋ ተቆጣች። በጀልባ ሊሻገሩ የቆሙ ሰዎች ሳይቀሩ ዞረው አዩኝ። እኔ ግን ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ነበር።

ቤት ገብቼ ለትርሲት ነገርኋት። ሽንኩርት እየላጠች ነበር፤ ቀና እንኳ አላለችም።

«ጀሪካኑስ ክብደት የለውም?» አለች።

ሚዛኑ ነጻ ወጣ። የቀረው ዳቦው ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21

በማለዳ የቆሻሻውን ከረጢት በረበርሁ። የሱቅ እርሾ ማሸጊያ ነበር የምፈልገው። የሽንኩርት ልጣጭ፣ የሳሙና ወረቀት፣ የተሰበረ ማበጠሪያ። ማሸጊያ የለም። ግን ትርሲት ብልህ ናት፤ ሌላ ቦታ ጥላው ይሆናል። ዳቦው ለምን እንዲያ ይነፋል? ለምን እንዲያ ይጣፍጣል? የሚያከሳ ነገር ሲጣፍጥ አይቼ አላውቅም።

ማታ ጠየቅኋት። ለስለስ አድርጌ ነበር፣ ቢያንስ እኔ እንደመሰለኝ።

«እኔ ነኝ አንተን በዳቦ የምገድል?» አለች። «እርሾው ከእትየ ዝማም ማሰሮ የመጣ ነው። ካላመንኸኝ ዱቄቱ ያው፣ ቡሃቃው ያው። አንተው አቡካው!»

አቦካሁት። እስከ ክንዴ ተለቀለቅሁ። ትርሲት በርጩማ ላይ ተቀምጣ አየችኝ እንጂ አልረዳችኝም። ሊጡን ከድኜ ስጨርስ ወገቤ ተቆርጦ ነበር።

ትርሲት ወደ ጓዳ ስትገባ እትየ ዝማም የማርያምን ይዘው መጡ፤ እጄ ሊጥ ስለነበር በአፌ አጎረሱኝ። ትልቅ ቁራሽ ነበር። እግዜር ይስጣቸው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 22

ሊጡ ሌሊቱን ከፍ ብሎ አደረ! ክዳኑን ስከፍተው ያ ኮምጣጣ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። የሱቅ እርሾ የለበት፣ ስኳር የለበት፣ እኔው ነኝ ያቦካሁት። በኮባ ጠቅልለን ጋገርነው። ጠቅልለን ማለቴ፣ እሷ ጠቀለለች፣ እኔ ኮባውን ያዝሁ።

ውፍረት የምንለካበትን ካሊፐር ከኮሌጅ አምጥቼ ቁራጬን ለካሁት። ሲስተሯ ካሳየችኝም የሳሳ ነው። ባዶ ሻይ ይዤ ቀስ ብዬ አኘክሁት። ከዚህ በኋላ ማንም ሊያጭበረብረኝ አይችልም።

ትርሲት ግን አታናግረኝም። ከረጢቱን ስበረብር በመስኮት አይታኛለች።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23

ሐይቁ ዳር ሄድሁ። ሴትዮዋ ከሩቅ አይታኝ «ዛሬ ጀሪካን የለም?» አለች። ጫማዬን አወለቅሁ፣ ስልኬን አወጣሁ፣ ሚዛኑ ላይ ወጣሁ። ኪሎዬ ንቅንቅ አላለም።

ቤት ስደርስ እትየ ዝማም የጊዮርጊስን በር ላይ አቀብለውኝ ሄዱ። እየበላሁ ገብቼ ለትርሲት አማረርሁ። ራሴ አቡክቼ፣ ራሴ ቆርጬ፣ ሌላ ዳቦ በአፌ ሳይዞር!

ትርሲት እጄን አየች።

«ይኸ የያዝኸው ምንድን ነው?»

«ይኸማ ጠበል ጠዲቅ ነው።»

«ከምን የተጋገረ?»

አንድም ቀን ከምግብ ቆጥሬው አላውቅም! የተባረከ ነው፤ እምቢ አይባልም፣ አይጣልም። ምግብ ነው ብሎ የሚያስበውስ ማን ነው? እትየ ዝማም ደግሞ የአንድ ማኅበር አባል ብቻ አይደሉም። የሚካኤል፣ የገብርኤል፣ የማርያም፣ የጊዮርጊስ፣ የመድኃኔ ዓለም፤ ሁሉንም በልቻለሁ። አንዱ ቁራሽ በካሊፐር የለካሁትን ሦስቱን ያህላል።

ትርሲት መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ዕንባዋ መጣ። «ቆሻሻዬን በረበርህ እኮ» አለች። ይቅርታ ጠየቅኋት። አፍሬያለሁ፣ በጣም አፍሬያለሁ።

ግን አሁን እትየ ዝማምን ምን ልበላቸው? ጠበል ጠዲቅ አልበላም ይባላል?

እሑድ፣ ጥቅምት 24

የተክለ ሃይማኖትን ይዘው መጡ። ቆንጠር አድርጌ ቀመስሁና የቀረውን መለስሁላቸው።

«ምነው ልጄ፣ ምን በደልሁህ?» አሉ።

«እትየ፣ ስኳር እየጀመረኝ ነው። ዳቦ ተከልክያለሁ።»

በርጩማው ላይ ቁጭ አሉ። ዳቦውን ጭናቸው ላይ አደረጉት።

«እኔም እኮ ስኳር አለብኝ» አሉ። «ሐኪሙ ዳቦ እንዳትቀምሽ ብሎኛል። ማኅበር ላይ ድርሻዬን ሲሰጡኝ እምቢ አልል፣ ጠበል ጠዲቅ አልጥል። አንተ ደግሞ ደስ ብሎህ ነው የምትበላ። ለማን ልስጠው ብለህ ነው?»

ትርሲት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ጓዳ ሮጠች፤ ሳቋ እስከ ውጭ ይሰማ ነበር። እኔም ሳቅሁ። የሳምንት ሙሉ ጥርጣሬዬ ሁሉንም አዳርሶ እሳቸውን ብቻ ነው የዘለለው።

«ቀጠሮዎ መቼ ነው?» አልኋቸው ሳቄ ሲያልቅ።

መሬት መሬት አዩ። ካለፈ ቆይቷል። ጉልበታቸው ስላመማቸው ቀሩ። ዓይናቸውም ትንሽ ጭጋግ ጭጋግ እያለባቸው ነው፤ እሱን ያሉት ቀስ ብለው ነው። የወንድሜም እንዲሁ ነበር የጀመረው። ሳቁ ጠፋብኝ።

ነገ በጠዋት ባጃጅ ይዘን ሁለታችንም ጤና ጣቢያ እንሄዳለን። እምቢ አሉ፣ ለመንኋቸው፣ በመጨረሻ እሺ አሉ። እኔን መድኃኒት ያስጀምሩኝ እንደሆነ አላውቅም። ኪሎው በአንድ ቀን አይወርድም።

እትየ ዝማም የቀረውን ዳቦ ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጥረው ወጡ። ለቤተ ክርስቲያን ደጅ ነዳያን እሰጠዋለሁ ብለዋል። ግን በራቸው ጋ ሲደርሱ ቋጠሮውን ሲፈቱ ያየሁ መሰለኝ። በልተውት እንደሆነ ነገ ሲስተሯ ፊት እጠይቃቸዋለሁ።