የእትዬ ቆይ ጥራዝ ክፍል

ውድ እኅታችን ከአናጢው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው ኅዳር 3 ቀን 1957 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱበት ቤት አንድ ክፍል ነበር፤ አባታቸው ለሰው ቁም ሣጥን እየሠሩ የራሳቸውን ኮት ምስማር ላይ ይሰቅሉ ነበር። ይህን የጻፈው ታናሽ ወንድማቸው ነው። በዕድሜ በሦስት ዓመት ይከተላቸዋል፤ በቁጣ ግን ይቀድማቸዋል። እዚህ ያላችሁ ሁሉ ስለምታውቁት አይደበቅም።

በ1964 ዓ.ም. ትምህርት ቤት ገብተው በ1975 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አጠናቀቁ። የለየላቸው ቀለሜ ነበሩ። ወንድማቸው የቤት ሥራውን ከእሳቸው አሮጌ ደብተር እየገለበጠ ነው ያለፈው። ስሕተት ሲገኝበት ደግሞ ቤት መጥቶ የሚጮኸው በእሳቸው ላይ ነበር።

በ1976 ዓ.ም. በአንድ ማተሚያ ቤት ጥራዝ ክፍል በወረቀት አጣፊነት ተቀጠሩ። በ1981 ዓ.ም. እዚያው የማሽን ጥገና ባለሙያ ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። ባለቤታቸውን በ2006 ዓ.ም. በሞት ተነጥቀዋል። በ1989 ዓ.ም. የጥራዝ ክፍሉ ኃላፊ ሆነው አሥራ አራት ሠራተኞችን ይመሩ ጀመር።

ሹመቱ አራት ወር ሳይሞላው ጉድ መጣ። የአራተኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፍ እየተጠረዘ ሳለ፣ መስማት የተሳናት ጠራዥ አንዱን ገልጣ ብታይ ከገጽ 32 ቀጥሎ ገጽ 49 መጥቷል። ወደ እኅታችን ሮጣ ጣቷን ወደ ማሽኑ ቀሰረች። ማሽኑ ያለው በሩ አጠገብ ነውና፣ እኅታችን ለመውጣት ፈቃድ የጠየቀቻቸው መሰላቸው። ፈገግ ብለው በእጃቸው «ሂጂ» አሏት። እሷም ታዛዥ ናት፤ ወጣች። ግቢው ውስጥ ቆማ ቆማ ተመለሰች። ማሽኑ አልቆመም። አራት ሺህ መጽሐፍ እንዲሁ ተጠረዘ።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ጥፋተኛ ፈለጉ። የሁሉም ዐይን ወደ እሷ ዞረ፤ መልስ የማትሰጠው እሷ ናታ። እኅታችን ከመቀመጫቸው ተነሥተው «ነግራኛለች። መስማት የተሳነኝ እኔ ነኝ» አሉ። ከኃላፊነት የሚያወርዳቸው ደብዳቤ ተጽፎ ነበር። እሳቸው ግን መጽሐፎቹን ፈትተው ሊያስተካክሉ ለምነው፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሠራተኞቻቸው ጋር ቁጭ ብለው ክር ሲፈቱ ከረሙ። ደብዳቤውም ሳይደርሳቸው ቀረ።

ከዚያ በኋላ የምልክት ቋንቋ ተማሩ፤ ክፍሉንም በሙሉ አስተማሩ። ጎልማሳው ወረቀት ቆራጭ «በዚህ ዕድሜዬ ደግሞ በጣት ላውራ?» ብለው ነበር፤ በዓመቱ ሐሜት በምልክት የሚያወሩት እሳቸው ሆኑ። እኅታችን አንድ ደንብም አወጡ። ማንም ሰው፣ የጽዳት ሠራተኛዋም ብትሆን፣ «ቆይ» ካለ ወይም መዳፉን ካነሣ ማሽኑ ይቆማል። ያስቆመው ሰው ቢሳሳት እንኳ አይወቀስም። በመጀመሪያው ሳምንት የጽዳት ሠራተኛዋ «ቆይ» ብላ አስቆመች፤ የቀለም ጠብታ የመሰላት ዝንብ ነበር። ሁሉም በሳቅ ሲፈርስ እኅታችን አመሰገኗት። በወሩ ደግሞ ሌላው ሁሉ ሳያየው ያለፈውን የተገለበጠ ገጽ ያገኘችው እሷው ሆነች። በየጠዋቱ ሥራ ሳይጀመር ክብ ሠርተው ይቆሙና እያንዳንዱ ያስቸገረውን ይናገራል፤ ኃላፊዋ የሚናገሩት መጨረሻ ላይ ነው። ሠራተኞቹ «እትዬ ቆይ» ብለው የሰየሟቸው በዚህ ነው።

ቤተሰባቸው ግን እንዲህ ያለ ደንብ አልነበረውም። በ1994 ዓ.ም. እናታቸው ሲታመሙ የሐኪሙን ውጤት ይዘው ወደ ወንድማቸው ቤት የሄዱት እሳቸው ነበሩ። ወንድማቸው ወረቀቱን ከእጃቸው መንጭቆ፣ በሽታውን እሳቸው ያመጡት ይመስል ጎረቤት እስኪሰማ ጮኸባቸው። እሳቸውም ሻይ አፍልተው አቅርበውለት ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ከእሳቸው አፍ ክፉ ወሬ ሰምቶ አያውቅም። እሱም የእኅቱ ኑሮ ሁሉ የተቃና መስሎት ደስ ብሎት ኖረ።

ይህ ጽሑፍ መጀመሪያ ሲጻፍ «ባደረባቸው ድንገተኛ ሕመም» ይል ነበር። የሚታተመው እዚያው እሳቸው በሠሩበት ማተሚያ ቤት ነውና፣ መስማት የተሳናት ጠራዥ ይህን ስታነብ መዳፏን አነሣች። እውነቷን ነው። ሕመሙ ድንገተኛ የሆነው ለወንድማቸው ብቻ ነው። ስለዚህ ይህ ክፍል እንደገና ተጽፏል።

ሐኪም የጉበት ካንሰር እንዳለባቸው የነገራቸው በሰኔ ወር 2015 ዓ.ም. ነው። ለልጆቻቸው ነገሩ። በማግስቱ ጠዋት ክቡ ውስጥ ቆመው ለሥራ ባልደረቦቻቸው ነገሩ። ወንድማቸው እንዳይሰማ ግን ሁሉንም አደራ አሉ። ባለፈው መጋቢት ወንድማቸው ስልኩን ስላላነሡለት ተቆጥቶ ወደ ጥራዝ ክፍሉ ሄደ። ግድግዳው ላይ በእርሳስ የተሠመረ የተራ ወረቀት ተለጥፏል። ከላዩ «ለእትዬ» ይላል። ሐኪም ቤት የሚያደርሳቸው፣ ምግብ የሚያበስልላቸው፣ አጠገባቸው የሚቀመጠው በየቀኑ ተጽፏል። ቆራጩ አሉ፤ የጽዳት ሠራተኛዋ አለች። ወንድማቸው የእኅቱን ሕመም ያነበበው ከግድግዳ ላይ ነው። ስሙን ፈለገ፤ የለም።

ቆራጩን «ለምን አልነገሩኝም?» ቢላቸው «ፈርተውህ ነው» አሉት። መጮህ ከጀለው፤ ግን ይህንኑ ነበርና የነገሩት፣ ዋጠው። መስማት የተሳናት ጠራዥ እርሳስ አንሥታ፣ የራሷን የሐሙስ ተራ ሰርዛ የእሱን ስም ጻፈችበት።

በመጀመሪያው ሐሙስ ወንድማቸው ሲገባ እኅታችን ደንግጠው «ደኅና ነኝ እኮ» አሉት። ሁለተኛውም ሐሙስ እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው፣ ትራሳቸውን ሲያስተካክልላቸው «አመመኝ» አሉት። «የት ጋ ነው?» ብሎ ጠየቃቸው። ነገሩት። ሞት እንደሚያስፈራቸውም ነገሩት። እኔ ወንድማቸው፣ በሃምሳ ስድስት ዓመቴ፣ እኅቴ የምትፈራው ነገር እንዳለ ያን ቀን አወቅሁ። እጇን ይዤ እስክትጨርስ ሰማኋት። ምነው ይህን ቀደም ብዬ በቻልኩ!

እኅታችን ግንቦት 14 ቀን 2016 ዓ.ም. ረቡዕ ጠዋት፣ በተወለዱ በሃምሳ ዘጠኝ ዓመታቸው አርፈዋል። ሁለት ልጆች፣ ሁለት የልጅ ልጆች፣ አሥራ አራት የሥራ ባልደረቦችና አንድ ወንድም ትተዋል። ባልደረቦቹን ከወንድሙ ያስቀደምኩት ተሳስቼ አይደለም።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ሕመም ከሌለበት ያሳርፍልን፤ ለልጆቻቸውና ለባልደረቦቻቸው መጽናናቱን ይስጥልን። እትዬ፣ አብረን የተቀመጥነው ሰባት ሐሙስ ብቻ ነው። ዛሬ ስምንተኛው ነው፤ ተራው የእኔ ስለሆነ እስከ ማረፊያሽ እኔው አደርስሻለሁ።