ለራሷ መፈረም የማትችል ተወካይ

ሰኔ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ምንይሉ
የወረዳችን የእንስሳት ሀብት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከነመላው ቤተሰብዎ እንደምን ሰንብተዋል? የሰኔው ጭጋግ እርስዎ ካሉበት የሥልጠና አዳራሽ እንደማይደርስ ባውቅም፣ ብርዱ እንዳይነካዎ፣ ወገብዎም ከመቀመጥ ብዛት እንዳይታመምብዎ ዘወትር እጸልያለሁ። እኔም ባስቀመጡኝ ወንበር ላይ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንዳስቀመጡኝ አለሁ።

ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት፣ በመሥሪያ ቤታችን የቴሌግራም ቡድን ውስጥም ያስገባሁት ክብርዎን ለመንካት ብዬ አይደለም። እንደሚያውቁት ለኃላፊው የሚላክ ፖስታ፣ ኃላፊው በሌሉ ጊዜ የሚከፈተው በተወካያቸው እጅ ነው፤ ተወካይዎ ደግሞ እኔ ነኝ። እስካሁን የጻፍኩልዎን አራት ደብዳቤዎች በሙሉ ራሴ ተቀብዬ፣ ራሴ ከፍቼ፣ ራሴ አንብቤ፣ በመዝገቡም ላይ «ደርሶናል» ብዬ ራሴ ፈርሜባቸዋለሁ። በስልክ ስደውልም «ስብሰባ ላይ ነኝ» የሚለው መልእክትዎ ሳይዘገይ ስለሚደርሰኝ፣ ከአደባባይ ሌላ እርስዎን የማገኝበት ቦታ አጥቼ መሆኑን ተረድተው ይቅርታ እንዲያደርጉልኝ እጠይቃለሁ። አቤቱታም በቁጥር ሲቀርብ እንደሚወዱ ስለማውቅ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1. በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. «ውጤታማ አመራር» የሚባለውን ሥልጠና ሊካፈሉ ሲሄዱ፣ ለአምስት የሥራ ቀናት እንድወክልዎ በደብዳቤ አዘዙኝ። ከዚያ «የለውጥ አመራር» ቀጠለ፣ ከዚያ «የአመራር ክህሎት»፣ ከዚያም «የአሠልጣኞች ሥልጠና» መጣና አምስቱ ቀን እነሆ አሥራ አራት ወር ሞላው። በመካከሉ ሁለት ጊዜ ብቅ ብለው ከወንበርዎ ጀርባ የምስክር ወረቀቶችዎን ሰቅለው ስለሄዱ ከልብ አመሰግናለሁ። ሰባት ደርሰዋል፤ ግድግዳው አምሮበታል፤ የቀለሙ መላላጥም አሁን አይታይም።

2. ሕዝቡ ለእርስዎ ያለው ፍቅር አልቀነሰም። አቶ ውባየሁ የሚባሉ አዛውንት በጎቻቸውን ሳል ይዞባቸው፣ ክትባት እንዲላክላቸው የጻፉትን ማመልከቻ ለእኔ አልሰጥም ብለው፣ ሦስት የገበያ ቀን በረንዳችን ላይ ቁጭ ብለው ጠብቀውዎታል። የምወክልዎ እኔ መሆኔን ብነግራቸው፣ «አንቺስ አለሽ የኔ ልጅ፤ እኔ እምፈልገው ዋናውን ነው» አሉኝ። በግድ ለምኜ ወረቀቱን ተቀብዬ፣ ፈርሜ፣ ከታቢዎቹን በማግስቱ ብልክላቸውም ልባቸው አላረፈም፤ «ዋናው ሲመጣ ይድገምልኝ» ብለው ቅጂውን በካፖርታቸው ኪስ ይዘው ይዞራሉ። ካፖርቱ ሳያልቅ እንዲመጡላቸው እለምንልዎታለሁ።

3. ዋናው ጉዳዬ የዝውውር ጥያቄዬ ነው። ሞላሌ የሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት በሙያዬ ሊቀበለኝ ተስማምቶ፣ ቦታውን እስከ ሰኔ 30 ብቻ እንደሚያቆይልኝ ጽፎልኛል። የቀረኝ የእርስዎ የመልቀቂያ ፊርማ ነው። በቢሮ ቋንቋ «መምራት» ማለት በወረቀቱ ጥግ ላይ አንድ መስመር ጽፎ ወደ ሌላ ጠረጴዛ ማሳለፍ ነው፤ በዚህ ረገድ እርስዎን የሚያህል መሪ እንዳላየሁ በአደባባይ እመሰክራለሁ። ብቅ ካሉባቸው ሁለት ቀናት በአንደኛው ማመልከቻዬን ተቀብለው፣ ሳይቀመጡ፣ «ለሰው ሀብት ይመራ» ብለው ጻፉበት። የሰው ሀብት ክፍል የኃላፊ ውሳኔ ያስፈልገዋል ብሎ ወደ ኃላፊው መራው፤ ኃላፊው ስለሌሉ ለተወካዩ ተመራ፤ ተወካዩም እኔ ሆኜ ተገኘሁ። ለበላይ መሥሪያ ቤት ብጽፍ፣ ከሁለት ወር በኋላ «ለወይዘሮ ሰርካለም አትናቴዎስ፤ የወይዘሮ ሰርካለም አትናቴዎስን ጉዳይ አይተው ውሳኔ እንዲሰጡበት» የሚል፣ ስሜን ሁለት ጊዜ የጠራ፣ ማኅተሙ ያማረ መልስ መጣልኝ። የሕግ ባለሙያችን አቶ ይሥሐቅ ደግሞ ማንም በራሱ ጉዳይ ላይ መፈረም እንደማይችል፣ ተወካይም ሌላ ተወካይ መሰየም እንደማይፈቀድለት፣ በጣም እያዘነልኝ አስረዳኝ።

በነዚህ ወራት የአሥራ አንድ ባልደረቦቼን መልቀቂያ ፈርሜያለሁ። አንደኛው ወደ መሐል ሜዳ የተዛወረው በሦስት ቀን ነው፤ ሚስቱ ከደስታዋ ብዛት ባና የሚባለውን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ አሠርታ ብትልክልኝ፣ ጉቦ እንዳይባልብኝ ለጥበቃችን ለጋሽ ወዳጆ ሰጠሁት። ሁሉም ሲሄዱ ተሰናብተውኛል፤ አንዳንዶቹም የእኔ ተራ መቼ እንደሆነ ጠይቀውኛል።

ሞላሌን የፈለግሁት ለሹመት እንዳይመስልዎ። አባቷ የሞተባት መሲ የምትባል የአራት ዓመት ልጅ አለችኝ። ውክልናውን የሰጡኝ ዕለት ቅዳሜና እሑድም ስብሰባ እንዳለ ስለተነገረኝ፣ ለአምስት ቀን ብዬ ሞላሌ እህቴ ጌታነሽ ዘንድ አደረስኳት፤ እርስዎ ሲመለሱ ልመልሳት ነበር። ተወካይ ከቦታው አይጠፋም ስለተባልኩ ከዚያ ወዲህ ያየኋት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። ባለፈው ግንቦት ሄጄ ሳንኳኳ በሩን የከፈተችልኝ እሷው ነበረች። «ይግቡ፤ እማዬ ገበያ ሄዳለች» አለችኝና ዱካ እየጎተተች አምጥታ፣ በቀሚሷ ጠርጋ አስቀመጠችኝ። ክቡር ሆይ፣ እኔ እርስዎን «እርስዎ» የምለው ደንብ ስለሆነ ነው፤ ልጄ እኔን ያከበረችኝ ግን ስላላወቀችኝ ነው። እዚያው ዱካው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ እሷም እንግዳዪቱ ለምን እንደምታለቅስ ግራ ቢገባት ውኃ አመጣችልኝ። በመስከረም አፀደ ሕፃናት ትገባለች። ሰኔ 30 ካለፈ የምታስመዘግባት እህቴ ናት፤ «እናት» በሚለው መስመር ላይ የሚጻፈውም ያው የእህቴ ስም ነው።

በየሳምንቱ ከፎቶግራፍዎ ጋር የሚልኩልንን ምክር አንድም ሳይቀር አነባለሁ። ሰሞኑን «የመሪ ታላቅነት የሚለካው እሱ በሌለበት በሚሠራው ሥራ ነው» ብለውናል፤ በዚህ መለኪያ ከሆነ በደጋውም በቆላውም የሚስተካከልዎ አይገኝም። እኔ ግን ሥልጠናው ስላልደረሰኝ ይሆናል፣ መሪ የሚመስለኝ ሲፈለግ የሚገኝ፣ እሺንም እምቢንም በራሱ አፍ ተናግሮ በስሙ የሚፈርም ሰው ነው። እምቢ ብለውኝ ቢሆን ኖሮ ይግባኝ እል ነበር፤ ላልተሰጠ መልስ ግን ይግባኝ የሚቀበል ቢሮ እስካሁን አላገኘሁም። ሌላው ሰው ክፉም ቢሆን ፊቱ ቆሞ የሚለምነው አለቃ አለው፤ እኔ ልለምን ስመጣ ወንበሩ ላይ የማገኘው ራሴን ነው። መድከሜን አልደብቅዎትም። ጠዋት የቢሮውን በር ስከፍት የታሰርኩ ይመስለኛል፤ ቁልፉ ደግሞ የሚያድረው በእኔው ቦርሳ ውስጥ ነው።

ስለጣሉብኝ እምነት፣ ስለሚሽከረከረው ወንበርዎና በአምስት ቀን ስም ስለሰጡኝ አሥራ አራት ወር ያለኝን ምስጋና እየገለጽኩ፣ ከስምንተኛው ሥልጠናዎ በሰላም እንዲመለሱ፣ ሲመለሱም ለአንዲት ፊርማ የምትበቃ ጊዜ እንዲተርፍዎ እየተመኘሁ፣

ሁልጊዜም በቦታዋ የምትገኘው
ሰርካለም አትናቴዎስ
የእንስሳት ጤና ባለሙያ፣ በጊዜያዊነት ስለ ኃላፊው

ግልባጭ፦
ለኃላፊው (በእኔ በኩል)
ለተወካዩ (ለእኔ)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ ከበላይ መሥሪያ ቤት አስቸኳይ ፖስታ ደረሰኝ። እርስዎን ወደ ከፍተኛ ኃላፊነት ለማሳደግ ስለታሰበ የጽሕፈት ቤታችን አስተያየት ተጠይቋል። «ኃላፊው በሌሉበት ሥራው ሳይስተጓጎል የሚቀጥልበት ደረጃ ምን ያህል ነው?» ለሚለው ጥያቄ «እጅግ በጣም ከፍተኛ» የሚለውን መረጥኩ፤ በሌላውም ሁሉ ሙሉ ነጥብ ሰጠሁዎ። ይህን ያደረግሁት እርስዎ ቢሄዱ በምትክዎ የሚመጣው ሰው ይፈርምልኛል ብዬ ነው። ፈርሜበት፣ ማኅተም አድርጌበት፣ በዚያው ሰዓት ላክሁት። በፖስታው ውስጥ ሁለተኛ ወረቀት መኖሩን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ ቦታዎ እስኪሞላ ድረስ ላልተወሰነ ጊዜ በተወካይነት እንድቀጥል የሚያዝ ሲሆን፣ ከግርጌው «መስማማቴን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ» የሚል መስመር አለው። የራሴ ጉዳይ ስለሆነ አይቻልም እንደሚለኝ ተስፋ አድርጌ ወደ አቶ ይሥሐቅ ሮጥኩ። «ይህኛውን መፈረም ትችያለሽ» አለኝ።