የኮምፒውተሩ ልብስ

ይድረስ ለምወድህም ለምቀየምህም ወንድሜ፣

ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ሰነበትክ? ጤናህስ እንዴት ነው? ወገብህን ተሻለህ ወይስ አሁንም ወንበሩ ላይ ትራስ ደርበህ ነው የምትቀመጠው? ባለቤትህ ደህና ናት? ልጆቹስ አደጉ? አደጉ ወይ ብዬ የምጠይቅህ ለወጉ ያህል አይደለም፤ እውነት ስለማላውቅ ነው። እኛ ደህና ነን። እማዬ ከአልጋ መውረድ ካቆመች ወዲህ እንኳ ድምፅዋ አልደከመም፤ እኔ ጓዳ ሆኜ ስትጣራ ጎረቤታችን "አቤት" ትላለች። ልቧ ግን እንደ ድምፅዋ አይደለም። ሐኪሙ አዳምጧት ሲወጣ በሩ ላይ ያለኝን ባለፈው ነግሬሃለሁ፤ አልደግመውም።

ደብዳቤ መጻፌ እንዳያስደነግጥህ፤ የሞተ ሰው የለም። በስልክ ብነግርህ ገና ስጀምር "ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው" ብለህ ትዘጋብኛለህ። ወረቀት ደግሞ አይቆራረጥም። ያም ሆነ ይህ የእማዬ ትእዛዝ ነው። "የእኛ ኮምፒውተር እንዴት እንደዳነ አንድም ሳታስቀሪ ጻፊለት" ብላኛለችና እጽፋለሁ።

መቼም የላክህልን ኮምፒውተር ምን ሆኖ እንደከረመ ታውቃለህ። አብርቼው ወጥቼ፣ ልብስ አስጥቼ ስመለስ ገና "እንኳን ደህና መጡ" እያለ ይጠብቀኛል። ስክሪኑም ይርገበገባል፤ በቪዲዮ ስትደውል ብልጭ ትላለህ፣ ትጠፋለህ፣ ደግሞ ግማሽ ፊትህ ይመጣል። እማዬ አንገቷን አስግጋ "አሁን ታየኝ! ወይኔ፣ ሄደ!" እያለች ካንተ ጋር ድብብቆሽ ስትጫወት ከረመች። ጥያቄዋ አንድ ብቻ ነበር። "ልጄ ከስቷል ወይስ ኮምፒውተሩ ነው የሚያከሳው?" ትለኛለች። ምን ብዬ ልመልስላት? ለእኔም አትታየኝም እኮ!

አንተ ያው አዋቂው ነህ፤ እዚያ ሆነህ ማዘዝ ነው። አጥፊና መልሰሽ አብሪው አልክ፤ አጠፋሁ፣ አበራሁ። ቫይረስ ነው አልክ፤ የቫይረስ ማጥፊያ ጫንኩበት፣ ጭራሽ ባሰበት። ፎቶ በዝቶበት ነው፣ አጥፊለት አልክ፤ አጠፋሁ። አባዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጡረታ የወጣ ዕለት በሩ ላይ ቆሞ የተነሳው ሳይቀር ሄደ። ኮምፒውተሩ ግን ያው ኤሊ ነው። እንዲህ ሆነ ብዬ ባለቅስብህ ምን አልከኝ? "እናንተ ድሮም ዕቃ አያያዝ አታውቁም" አልከኝ። ይህቺ ቃል እስከ ዛሬ አልተዋጠችልኝም።

እማዬንም ባገኘሃት ቁጥር "ስክሪኑ ይስተካከልና በደንብ እንተያያለን፣ ምን ያስቸኩለናል" ትላታለህ። በመጨረሻ ታከተኝና ጠጋኝ ጠራሁ። ሰፈሩ "ይሠራል" የሚል ስም ያወጣለት ሰውዬ ነው፤ የተቃጠለ ካውያ ብትወስድለት እንኳ ገና ሳያየው "ይሠራል" ስለሚል። ገባ፣ እማዬን ጤና ይስጥልኝ ብሎ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። ጫፉን በጣቱ ቆንጥሮ "ይኼ ምንድነው የለበሰው?" አለኝ።

ልብሱን አንተ አይተኸው አታውቅም። ኮምፒውተሩ የደረሰን ሰሞን እማዬ በኪሮሽ የሠራችለት ነው፤ ነጭ የሱፍ ክር ሆኖ ጠርዙ ሰማያዊ አበባ አለው። ሳጥኑን ከላይ እስከ ታች ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል፤ ለስክሪኑም ፊቱ ብቻ የሚታይበት ሌላ አለው። "የልጄን ፊት አቧራ አይንካው" ብላ ነው። ሲበራም ሲጠፋም አውልቀንለት አናውቅም። ጠጋኙ ገፎት ሳጥኑን ሲከፍተው ማራገቢያው ላይ የተጠቀለለው ብናኝ ትራስ ይሞላል። ሙቀቱ መውጫ አጥቶበት ነው የሚንቀራፈፈው አለ። መርገብገቡ ደግሞ ከኬብሉ ነው፤ አንተ በደወልክ ቁጥር ስክሪኑን ወደ እማዬ አልጋ ስናዞር፣ ስንመልስ፣ ከሥሩ ላልቶ ኖሯል። አጠበቀው፣ አለቀ። ቫይረስ የለ፣ ምን የለ። ዕቃ አያያዝ አታውቁም ላልከው፣ እንዲያውም አያያዛችን በዝቶ አፍነን ልንገድልልህ ነበር።

እማዬ ግን አፈረች። "እኔ ነኛ ያፈንኩት?" አለችና ልብሱን አጣጥፋ ትራሷ ሥር ከተተችው። የዚያን ቀን ጎረቤታችን "አቤት" የምትልለት ድምፅ አልተሰማም። እንዲያ ኩምትር ብላ ሳያት ነው አንጀቴ ያረረው፤ ባንተ ነው የተናደድኩት፣ ልደብቅህ አልችልም።

ከዚያ የምትደውልበት እሑድ መጣ። ጠዋት ጀምራ ጸጉሬን አበጥሪኝ፣ ያን ነጩን ሻሽ አምጪው፣ ትራስ ጨምሪልኝ ስትል አረፈደች። መነጽሯን ደጋግማ አስጠረገችኝ። ኮምፒውተሩም ሳያንገራግር ቦግ አለ፤ ስክሪኑ እንደ ውሃ ጥርት ያለ። ደወልክ። ከፈትን።

ፊትህ የለም። በጥቁሩ ስክሪን መሐል አንዲት ክብ፣ ክቧ ውስጥ የስምህ የመጀመሪያ ፊደል። "ካሜራዬ አልሠራ ብሎኝ ነው እማዬ፣ ሌላ ጊዜ" አልክ። ልጆቹንስ ስትልህ ተኝተዋል አልክ፤ ከኋላህ ሲስቁ እየሰማናቸው። ኧረ ወንድም ጋሼ! በስንት ጣር ባዳንነው ስክሪን አንዲት ፊደል ትልክልናለህ?

እማዬ መዳፏን ፊደሏ ላይ አድርጋ ምን እንዳለችህ ረስተኸው እንደሆነ ላስታውስህ። "አይዞህ የኔ ልጅ፣ የእኛም እንዲሁ ነበር። ጨርቅ ደርበህበት እንዳይሆን፣ እስቲ እየው" አለችህ። ከልቧ ነው፣ አልተሳለቀችብህም። አንተ ሳቅ አልክና "እሺ እማዬ" ብለህ ቸኩለህ ዘጋህ። እሷ መነጽሯን አውልቃ ሰጠችኝ። ኋላ "ላያውቅ ይችላል፣ በእኔ ወጥቶ ይሆናል፤ ጻፊለት" አለችኝ።

ይኸው ጻፍኩልህ። ምን እንደምትደብቀን አላውቅም። ከስተህ እንደሆነ፣ ሸብተህ እንደሆነ፣ ቤቴ ያልከው ቤትህ ሳይሆን ቀርቶ እንደሆነ፣ እኛን ምን ቸገረን? እሷ እንደሆነች ክሳትህንም ቢሆን ማየት ነው የፈለገችው። በዚህ በኩል የሚጠገነውን ሁሉ ጠግኜ ጨርሻለሁ። እንግዲህ የእማዬን ትእዛዝ እንዳለ ላድርስ፤ ካሜራው ላይ የደረብከውን አንሳው፣ እሷም ታይህ።

ለባለቤትህ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ በእሷ ቅያሜ የለኝም። የትልቋን ልጅህን ጉንጭ ሳምልኝ። ትንሹ "የምትቆራረጠዋ ሴትዮ" ይላት የለ፣ አያቱ መሆኗን ንገርልኝ። ባለቤቴ ሰላም በይልኝ ብሎሃል፤ ስክሪኑን ሲያዞር የከረመው እሱ ስለሆነ ወገቡ እንደ ወገብህ ሆኗል። ጎረቤታችንም ሰላም ትልሃለች።

እማዬ ትስምሃለች። ያን ልብስ ከትራሷ ሥር አውጥታ ተርትራ ጨረሰችው። ሹራብ ልትሠራልህ ነው፣ "ከከሳ ይበርደዋል" ብላ። ክሩ ጭኗ ላይ ነው ያለው፤ ልክህን ስላላወቀች አልጀመረችም።

እህትህ

ከእማዬ አልጋ አጠገብ፣ ከመስኮቱ ሥር
ኅዳር ፲፱ ቀን