ለአባትሽ የላክሽው ዱቄት

ጥር 23፣ ሐሙስ ከሰዓት

ለውድ ልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽ የኔ ዓለም? እኛ አለን። ወገቤ ትንሽ ያስቸግረኛል፣ እሱንም ለምጄዋለሁ። የላክሻቸው ከግሉተን ነፃ፣ ስንዴ የሌለባቸው ዱቄቶች ደርሰውናል። አባትሽ ግን እንደ ጻፍኩልሽ አይደለም። "ተሽሎታል" ያልኩሽ እንዳትጨነቂ ብዬ ነው።

ሐኪሙ ስንዴ አንጀቱን እንደሚያቆስለው ከነገረን ወዲህ ዳቦ ገዝተን አናውቅም። ፓኬቱ ላይ ያለው ቀላል ነው፤ እንቁላል፣ ዘይትና ውሃ ጨምሮ ማማሰል፣ ከዚያ መጋገሪያ ዕቃው ውስጥ ገልብጦ መጋገር። ለአንድ ሰው ቁርስ ይበቃል። ግን ዕድሜ ልኩን ዳቦ ቤት የሠራ ሰው አጠገብሽ ቆሞ እንዴት ይማሰላል? "ይሄ ሊጥ ሳይሆን ሙጫ ነው፤ ወዲያ በይ" ብሎ ነጠቀኝ። ውሃውን ቀነሰ፣ በእጁ አድቦለቦለው፣ ጋገረው። አልዋሽሽም፣ ጥሩ ወጣለት። ሥራ ከፈታ ጀምሮ እንደዚያ ቀን ፊቱ ሲፈታ አላየሁም።

ሰውዬው ግን ባሰበት። ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም አለ። ሐኪሙ "እየደበቁ ይበላሉ እንዴ?" ሲለው እኔም ጠረጠርኩ። ሌላ ሴት ይዟል የተባለ ባል ይመስል ኪሱን ፈተሽኩ፣ ኮቱን አሸተትኩ። "አልበላሁም" ሲለኝ "ውሸታም" አልኩት። ተኳርፈን ሰነበትን።

ባለፈው እሑድ ድንች እየላጥኩ ቀና ስል፣ ሊጡን ጣውላው ላይ ከማሳረፉ በፊት ከጣሳው ቆንጠር አድርጎ ነስነስ ሲያደርግ አየሁት። እንዳይጣበቅ ነው። ጣሳው ከዳቦ ቤት ሲወጣ ይዞት የመጣው ነው፣ ውስጡ ያለውም የስንዴ ዱቄት። ማናችንም ምግብ ብለን ስላልቆጠርነው እዚያው መደርደሪያው ላይ ቀርቷል።

"ምንድን ነው የነሰነስከው?" አልኩት።

እጁን አየ። አስቦት እኮ አይደለም፣ እጁ ለምዶት ነው። እኔም ስንት ዘመን ሳየው ስለኖርኩ ዓይኔ አልያዘውም።

ወንበሩ ላይ ዘጭ አለና "በገዛ እጄ" አለ። ይቅርታ አድርግልኝ ብለው አልሰማኝም። ጣሳውንም ጣውላውንም ጣልኩ። ከዚያ ወዲህ ወጥ ቤት አይገባም። የሠራሁለትን ቀመስ ያደርግና ወደ ግድግዳው ይዞራል። ሐኪሙ ካልበላ አይነሳም ይላል። እኔ ደግሞ ልጄ፣ መለመን ደከመኝ።

ዛሬ ጠዋት ፓኬቱ እንደሚለው አማስዬ ምድጃው ውስጥ ከተትኩና ልብስ ላሰጣ ወጣሁ። ስመለስ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሟል፣ እጁን ኋላው አጣምሮ።

"ጠርዙ እያረረ ነው፤ እሳቱን ቀንሺ።"

ቀነስኩ።

"ክፈቺው። በይ አሁን ዝጊው።"

እሱ እያዘዘ እኔ አወጣሁት። መሐሉ ጥሬ ነበር። "ይሄም ዳቦ ተብሎ" አለና ግማሹን በላ። "ነገ አንተ አድቦልቡልልኝ" ብለው ግን እጁን ከኋላው አላወጣም።

ስትደውዪ ስለ ጤናው አትጠይቂው። "አባዬ፣ ዳቦ እምቢ አለኝ፣ ምን ላድርግ?" በይው። ላንቺ እምቢ አይልም።

"ልምጣ ወይ?" ብለሽኝ ነበር። ሥራሽን ትተሽ አትምጪ ልልሽ ነበር ብዕር ያነሳሁት፤ ይኸው ወረቀቱ አለቀ፣ እስካሁን አላልኩሽም።

አምላክ በሄድሽበት ሁሉ ጥሩ ሰው ይጣልልሽ፣ ክፉሽን አያሰማኝ።

እናትሽ