እናትህ የማትነሣለት መዝሙር

ለተከበሩ የብሔራዊ መዝሙር ኮሚቴ አባል፤ ይቅርታ፣ አፍንጫውን በኮቴ እጅጌ እየጠረግሁ ላሳደግሁት የልጅ ልጄ፤

እንደምን ከርመሃል? ሚስትህስ፣ ልጅህ ያቺ ሸንኮሬስ እንዴት ናቸው? ጉሮሮህስ? በሬዲዮ ስትናገር ሻከር ቢልብኝ የባለሥልጣን ጉንፋን ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። ምላሴን እንደሆነ ታውቀዋለህ፣ ታሞም አያውቅ።

ለአዲሱ መዝሙር ግጥምህ ማሸነፉን የሰማነው እንደ ማንም ከሬዲዮ ነው። ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ አገጬ አረፋ ለብሶ ተቀምጬ ነበር። የልጅ ልጄ ነው፣ ድምፁን ጨምሩልኝ ብዬ ቤቱን ሁሉ ዝም አሰኘሁ። ጋዜጠኛዋ መቀየር ለምን አስፈለገ ብትልህ፣ አሮጌው ከሥልጣን የወደቁት ሰዎች መዝሙር ነው፣ ደም ደም ይሸታል አልክ። ሰውየው ምላጩን አንገቴ ላይ አቁሞ ያየኝ ጀመር። የማን ደም ነው የሸተተህ ጃል? አባትህ መቃብር ሲወርድ የተነፋው እሱ ነበር። ልጄን ለጦርነት የማገዱት ሰዎች መሄዳቸው እሰየው ነው። ዜማው ግን ምን በደለህ?

መዝሙር መቀየሩስ አይደንቀኝም። በዕድሜዬ ሦስት አይቻለሁ። የመጀመሪያው የጊዜውን ገዢ ለዘላለም ኑር ይለው ነበር፤ አልኖረም። ሁለተኛው ከመርዘሙ የተነሣ ባንዲራው ጫፍ ደርሶ እኛን ይጠብቀን ነበር። ሦስተኛው አባትህ የሞተበት ነው። መጪው ሁሉ ወንበሩን ሳያሞቅ ኮሚቴ ያቋቁማል፣ ግጥም አዋቂ ያስጠራል፣ የሄደውን ስም ያስፍቅና ጎህ ቀደደ ያስብላል። ያንተም ውስጥ ሁለት ቦታ ጎህ አለ። እኔ የምለው፣ ይኼ አገር ሁልጊዜ ሲነጋለት መቼ ነው የሚረፍድለት?

አሁን ወደ ጉዳዬ። እናትህ አንደኛ ክፍል የምታስተምረው፣ አንተንም እንዳስተማረችህ፣ “እኔን እያያችሁ” እያለች ነው። ጠመኔ ስታነሣ ያነሣሉ፣ ስታጨበጭብ ያጨበጭባሉ። ባለፈው ሰኞ ሰልፍ ላይ መዝሙርህ ሲጀመር ከቢሮ ወንበር ጎትታ መጣችና ተቀመጠች። ክፍሉ በሙሉ ተከትሏት አፈር ላይ ዘጭ! ሁለተኛ ክፍሎችም ጎንበስ ጎንበስ ማለት ጀምረው ነበር። ባንዲራ ሰቃዩ ገመዱን እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

ርእሰ መምህሩ ልጆቹን አሳደምሽብኝ ብሎ ጮኸባት። እሷም ተቀመጡ ያልኳቸው ቃል የለም አለችው፤ እውነቷን ነው። የሰኞ ሳምንት፣ ኅዳር 18 ቀን፣ በሰልፉ ላይ ካልቆመች ጠመኔዋን እንድታስረክብ ነግሯታል። የገጣሚው እናት መሆንሽ ያብስብሻል እንጂ አያድንሽም አላት አሉ።

ምን ነካሽ ብላት፣ ባሌን በዚያኛው ቀበርኩት፣ ይኼኛውን ልጄ መጥቶ ፊቴ ቆሞ ይዘምረውና እነሣለሁ አለችኝ። አራት ዓመት ደጃችንን ሳትረግጥ፣ ስለ እናት አገር ስንኝ መደርደር አላፈርክም? ወላጅ እናትህ እዚህ ቁጭ ብላለች፣ የኔ ጌታ።

ስልክ እንዳትደውል። ለርእሰ መምህሩም ከላይ ትእዛዝ እንዳታስወርድ፤ ታዋርዳታለህ። ራስህ ና። ከቀረህ ወንበሬን ተሸክሜ ሄጄ አጠገቧ እቀመጣለሁ። ጉልበትዎን አመመዎት ወይ ሲሉኝ፣ የለም፣ የልጅ ልጄ ግጥም ነው ያመመኝ እላለሁ።

ሚስትህን የባልሽ አያት አንቺን አልተቆጡሽም፣ ያገባሽውን ነው የተቆጡት በልልኝ። የሸንኮሬን ሁለት ጉንጭ ሳምልኝ፤ ዘፈን እንዳታስተምራት። አማትህንም ጤና ይስጥልኝ በልልኝ፤ እሳቸው እንኳን በየቀኑ ያዩሃል።

እናትህ ሰላም በለው አላለችም። ግን ትናንት ደብተር ስታርም ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቼ ጆሮዬን ጣል አደረግሁ። ያንተው ነው፤ ሁለቱም ጎህ ሳይቀር በቃሏ ይዛዋለች። ደስ እንዳይልህ! የምትለው ቁጭ ብላ ነው።

አያትህ
ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ፣ ቅዳሜ ኅዳር 9 ቀን