በማንገቻው ውስጥ የሰፋሽው

ውድ እታለም፣

«ውድ» የምትለዋን ቃል ጽፌ ሰረዝኳት፣ ደግሞ መልሼ ጻፍኳት። ውድነትሽ አልቀረም። ግን ስምሽ በመጣብኝ ቁጥር ዝንብ የገባበት ወተት እንደጠጣ ሰው ያቅለሸልሸኛል። ፊት ለፊት ልነግርሽ አልቻልኩም፤ አንቺ ማልቀስ ስትጀምሪ እኔ ይቅርታ መጠየቅ እጀምራለሁና።

እናታችን ካረፈች ወዲህ ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ። የተቀደደ ዩኒፎርሜን ስትሰፊ፣ ክሩን ደጋግመሽ አዙረሽ በጥርስሽ ስትበጥሺ እያየሁ ነው ያደግሁት። ይህን ማንም አይፍቀውም።

የውጭ አገር ጉዞዬን የነገርኳችሁ ቀን ባልሽ ጉርሻው ጉሮሮው ላይ ሊቆም ምንም አልቀረውም ነበር። «ለብቻሽ? ሦስት ወር ሙሉ? እንደ አህያ በጀርባሽ ተሸክመሽ? ምን ጎድሎብሽ ነው?» አለኝ። የጎደለኝን ነገርኩት። ወጣትነቴ የሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ቆሜ ቁልፍ ሳቀብል አለቀ። ፊታቸው በፀሐይ የከሰለ፣ ጫማቸው አቧራ የጠጣ ሰዎች ቦርሳ አዝለው ይመጣሉ፤ በማግስቱ ቁልፉን መልሰውልኝ ወደማላውቀው አገር ይሄዳሉ። አንድ ጊዜ እንኳ ቁልፍ ተቀባይ ልሁን ነው ያልኩት። «ይሄ የጥጋብ ነው!» አለ እሱ። አንቺ ግን ሳህኖቹን ሰብስበሽ ወደ ጓዳ ገባሽ።

በሳምንቱ ቦርሳውን ይዘሽ ቤቴ መጣሽ። ሰማያዊ፣ ማንገቻው ስፖንጅ የሞላው፣ ወገብ ላይ የሚታሰር ምርጥ ዕቃ። «መሄድሽ ካልቀረ በደህና ቦርሳ ሂጂ» አልሽኝ። አንገትሽ ላይ ተጠምጥሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ዝግጅቱ አጣደፈኝ። ግድግዳዬ ላይ ካርታ ለጥፌ በባቡር የምሻገራቸውን ድንበሮች በቀይ አሰመርኩ። ኤምባሲ በር ላይ ፀሐይ መታኝ፤ ክትባት ተወጋሁ፤ ያለ ደመወዝ ፈቃድ እንዲሰጠኝ አለቃዬን ደጅ ጠናሁ። በእረፍት ቀኔ ቦርሳውን ሩዝና አሮጌ መጻሕፍት ሞልቼበት ከከተማ ውጭ ዳገት እወጣ ነበር፤ ትከሻዬ ከወዲሁ ይልመድ ብዬ።

ስመለስ ትደውያለሽ። «ዛሬ ደግሞ ራቅሽ መሰለኝ፣ ድምፅሽ ደክሟል።»

«በምን አወቅሽ?»

«ልቤ ይነግረኛላ! ያሳደግሁሽ እኮ ነኝ።»

ይህንን ለሥራ ባልደረቦቼ በኩራት አወራሁላቸው። የእህት ነገር እንዲህ ነው፣ ደም ይጠራራል አልኳቸው።

ጡቴ ላይ እብጠት ያገኘሁት ያን ሰሞን ነው። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ከመሄዴ በፊት ልመርመር ብዬ ቦርሳዬን እንዳዘልኩ ክሊኒክ ገባሁ። ገና ከበሩ ስወጣ ደወልሽ። «ምነው፣ አሞሻል እንዴ? ዛሬ ልቤ ፈራ» አልሽኝ። መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ለራሴ እንኳ ጮክ ብዬ ያላልኩትን ሁሉ ዘረገፍኩልሽ። «አይዞሽ፣ እኔ አለሁልሽ» አልሽኝ። ውጤቱ ምንም አይደለም ተብሎ ስገላገል፣ ሁለተኛ እናት ሰጠኸኝ ብዬ ፈጣሪን አመሰገንኩ።

ባለፈው እሁድ ዳገቱ አናት ላይ ስደርስ፣ ለጉዞው ብዬ የገዛሁት አዲሱ ስልኬ ጮኸ። የማይታወቅ ሰው የመከታተያ መሣሪያ አብሮሽ እየተጓዘ ነው ይላል። ወንበዴ የሚከተለኝ መሰለኝ። ቁልቁለቱን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። ቤቴ ገብቼ ቦርሳውን ገለበጥኩት፤ ምንም የለም። ስዳብሰው ግን የግራው ማንገቻ ስፖንጅ ውስጥ የሳንቲም ያህል ጠጣር ነገር እጄ ላይ መጣ። ስፌቱን ልተረትር ስል ቋጠሮውን አየሁትና ምላጩ ከእጄ ወደቀ። ደጋግሞ የዞረ ክር፣ በጥርስ የተበጠሰ።

መታጠቢያ ቤት ገብቼ አስታወክሁ። እውነቴን ነው። በዕቃው አይደለም፤ «ልቤ ፈራ» ያልሽው ነው ሆዴን የገለበጠው። ልብሽ አልነበረማ! ባልሽ ስልኩን ይዞ፣ አንቺ በትከሻው ላይ አንገትሽን አስግገሽ፣ «ክሊኒክ ገባች፣ ደውዪላት» እየተባባላችሁ ነው። ያቺ ድንጋይ ላይ ያፈሰስኩት እንባ ፊቴ ላይ እንደ ንፍጥ የደረቀ መሰለኝና ፊቴን በሳሙና ታጠብኩ።

በማግስቱ ሥራ ስገባ ከማንገቻው ያወጣሁትን ያንን ነገር ከሆቴሉ ወጥ ቤት ጀርባ ካለው፣ መኪና በየቀኑ ወደ ከተማው ቆሻሻ መጣያ ከሚያራግፈው በርሜል ውስጥ ወረወርኩት። ሌላ ያሰብኩት ተንኮል አልነበረም፤ እጄ ላይ እንዲቆይ ስለተጸየፍኩት ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ አንቺና ባልሽ እያለከለካችሁ በእንግዳ መቀበያው በር ገባችሁ። ጫማሽ እስከ ቁርጭምጭሚትሽ በበሰበሰ ነገር ተለውሷል፤ የእሱ ሱሪ ላይ የሽንኩርት ልጣጭ ተለጥፏል። እንግዶች አፍንጫቸውን ይዘው ዞር አሉ።

«አለሽ!» ብለሽ ጮህሽ።

«አለሁ። የት ልሂድ?»

«ቆሻሻ መጣያው ድረስ ምን ወሰደሽ? ገድለው የጣሉሽ መስሎኝ ያንን ክምር በእጄ ስቆፍር…»

«እዚያ መሄዴን ማን ነገረሽ?»

«ልቤ…» ብለሽ ጀመርሽና ወለሉን አየሽ።

የመለሰልኝ ባልሽ ነው። «ብትጠፊ ማን ሊፈልግሽ ነው? ለደኅንነትሽ ያደረግነው ነው። ክፋቱ ምኑ ላይ ነው?»

«ጋሼ፣ ክሊኒክ ስገባም አይተኸኛል?»

ሱሪው ላይ የተለጠፈውን ልጣጭ መልቀም ጀመረ። ይኸው መልሱ ከጫማችሁ የባሰ ከረፋኝ።

እጅሽን አየሁት። ጥፍርሽ ተሰብሮ ይደማል። ያ እጅ እንደሚወደኝ አውቃለሁ፤ ደግሞ ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው፤ አንጀቴ እስኪርስ እንዳልጠላሽ አደረግሽኝ። ውኃና ሶፍት ሰጥቼሽ ስትወጡ፣ የጫማችሁን ዱካ ራሴ ወለወልኩት። ለጽዳት ሠራተኛዋ መተው አፈርኩ።

«ለአንቺ ብዬ ነው» የሚለውን መልእክትሽን አንብቤዋለሁ። ለእኔ ብለሽ ከሆነ ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት? በየደረስኩበት ደውይልኝ ብትይኝ እሺ እል ነበር። እብጠቱንም አንድ ቀን እነግርሽ ነበር። የሰረቅሽኝ እኮ ልሰጥሽ ያስቀመጥኩትን ነው።

ቦርሳሽን ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሼልሻለሁ። ከገበያ ሌላ ገዝቻለሁ፤ ማንገቻው ትከሻ ይቆርጣል፣ ይሁን። የምሄደው ሐሙስ ነው። አውሮፕላን ማረፊያ አትምጪ፤ ባልሽንም አትላኪው። እጽፍልሻለሁ፤ ግን ስለ አንድ ከተማ የምጽፍልሽ ከዚያ ከተማ ከወጣሁ በኋላ ነው። አንብበሽ ስትጨርሺ እኔ ሌላ ቦታ ነኝ።

መቼ እንደምመለስ አትጠይቂኝ። ማቅለሽለሹ ሲለቀኝ ቤትሽ እመጣለሁ። ያኔ በሩን ሳንኳኳ፣ ምንም እንደማታውቂ ሰው፣ «ማነው?» በዪኝ።

ታናሽሽ