መስቀልን ቆሞ የዋለው ቀይ አውራ እና የወይዘሮ ጵርስቅላ ብሩ ሕይወት

ወይዘሮ ጵርስቅላ ብሩ ከአባታቸው ከአቶ ብሩ ላምቦሬ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ገነቴ አኒቶ በ1937 ዓ.ም. በሀደሮ ተወለዱ። ፊደል በዚያው ቆጥረው፣ ሁለተኛ ደረጃን በሆሳዕና አጠናቀቁ። በእርሻ ትምህርት በዲፕሎማ ተመርቀው በ1960 ዓ.ም. በግብርና ሚኒስቴር ተቀጠሩ። በ1962 ዓ.ም. ከመምህር ዳኘ ኤርጫፎ ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ልጆች አፍርተዋል። ቁጡ ነበሩ፤ እኛ ታናናሾቻቸው ይህን ብንሸሽግ ራሳቸው ይቆጡናል።

በ1970 ዓ.ም. ወደ ሆሳዕና የዶሮ እርባታ ተዛውረው የጊምቢቹን የሴቶች ማኅበር መርዳት ጀመሩ። ማኅበሩ ለእንቁላል ብሎ የሚያሳድጋቸው ድቅል ጫጩቶች ብዙዎቹ አውራ እየሆኑ ጥሬው አለቀ፣ እንቁላሉም ጠፋ። ሊቀ መንበሯ ወይዘሮ ውቢት "የምንቀልበው ጩኸት ነው" ብለው ማኅበሩን ሊያፈርሱ ተነሡ። ወይዘሮ ጵርስቅላ ግን ቀይ አውራ ከገብስማ ሴት ዶሮ ሲዳቀል ጫጩቱ በተፈለፈለበት ቀን እንደሚለይ፣ አናቱ ላይ ነጭ ነጥብ ያለው ወንድ፣ ነጥብ የሌለው ጥቁር ደግሞ ሴት እንደሆነ ነግረው አንድ ዕድል ለመኑ።

የመጀመሪያዎቹ ሲፈለፈሉ ሁሉም ባለ ነጥብ ሆኑ። ወይዘሮ ጵርስቅላ ሁሉም ወንድ ናቸው አሉ፤ ሴቶቹም ጫጩቶቹን ለመሸጥ በቅርጫት ከተው ወደ ገበያ ወጡ። አንዲት ሴት ጫጩት የሌለችበት ወገን ግን ለወይዘሮ ጵርስቅላ አልዋጥ አላቸውና፣ ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ብለው አባትየውን አጣሩ። ለካስ ቀዩ አውራ ለወይዘሮ ውቢት የመስቀል እንግዳ ታርዶ፣ አውራ ያው አውራ ነው ተብሎ ገብስማ ተተክቶ ኖሯል። ገብስማ እናት ያን ነጥብ የምታወርሰው ለወንዶች ልጆቿ ብቻ ነው፤ ገብስማ አባት ግን ለወንዱም ለሴቱም ያወርሳል። ገበያ ድረስ ሮጠው ቅርጫቶቹን አስመለሱ። ቁጣቸውን ጊምቢቹ እስከ ዛሬ ያወራዋል።

በ1973 ዓ.ም. መስቀል የወይዘሮ ውቢት እንግዳ በቆጮና በአይብ ተሸኘ፤ በታረደው ምትክ የመጣው ቀይ አውራ በዓሉን ቆሞ ዋለ። በኅዳር ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ ወይዘሮ ጵርስቅላ ጥቁሩን ከባለ ነጥቡ በማኅበሩ ሁሉ ፊት ለዩ። ሴቶቹ ጥቁሮቹን ብቻ አስቀርተው አሳደጉ። ሰኔ ላይ ከጥቁሮቹ አንድም የጮኸ አልነበረም፤ ሁሉም እንቁላል ጣሉ! የጊምቢቹ እልልታ እንዴት ደስ ይል ነበር። ማኅበሩ ዳነ፤ ከሙዱላ ሳይቀር "የጵርስቅላን ጥቁር ስጡን" እያሉ ይመጡ ጀመር።

ወይዘሮ ጵርስቅላ በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ጥር 14 ቀን 1982 ዓ.ም. በ45 ዓመታቸው ወደ ጌታ ተሰበሰቡ። በመጨረሻው ሳምንታቸው ወይዘሮ ውቢት ለሾርባ ይሁናቸው ብለው ቀይ አውራ ይዘው መጥተው ነበር። ከአልጋቸው ቀና ብለው "አባት አይታረድም" ሲሉ ተቆጥተው መለሱላቸው። ዛሬ ጠዋት ጊምቢቹ ላይ የጮኸው እርሱ ነው።

ባለቤታቸውን መምህር ዳኘን፣ ልጆቻቸውን አክሊሉንና አሳምነውን፣ እናታቸውን ወይዘሮ ገነቴን ጌታ ያጽናልን። የራሱን ለይቶ የሚያውቅ አምላክ እኅታችንን በዕቅፉ ይቀበልልን። አሜን።